ሳያዩ የላኩ ጋዜጠኞች፤ የእንግሊዛዊው ደራሲ የኢቭሊን ዎህ ሕይወት

ስለ ሀገራችን ጽፈው ስማቸው ከገነነ የውጭ ሀገር ደራሲያን አንዱ እንግሊዛዊው ኢቭሊን ዎህ ነው። በ1896 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ፤ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ፤ ጥቂት ጊዜ አስተማሪ ከሆነ በኋላም ብዕሩን አነሣ። ሙያው በሰው ሞኝነት ማሣቅ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተከበረውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ለጋዜጣ ለመጻፍ ነው። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦርነት ሲቃረብ የ«ዴይሊ ሜይል» ወኪል ሆኖ ተመለሰ። በመርከብ አብሮት የመጣው ሪኬት የተባለ ሰው በሰፊው የሀገራችን ክፍል ላይ የነዳጅ ዘይት ውል ሲዋዋል፣ ዎህ ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ ሄዶ ስለ ነበር ታላቁ ወሬ አመለጠው።

ይህ የደረሰበት ነገር በ1930 ዓ.ም. ለታተመው «ስኩፕ» ለተባለው ልብ ወለድ መነሻ ሆነ። ስኩፕ ማለት አንድ ጋዜጣ ሌሎቹን ቀድሞ የሚያወጣው ወሬ ነው። ስለ ዱር አራዊት የሚጽፍ ቡት የተባለ ባላገር በስም መመሳሰል የተነሣ እስማኤልያ ወደምትባል፣ ሀገራችንን ወደምትመስል ሀገር ጦርነት ይላካል። የቀሩት ጋዜጠኞች ካርታ ላይ ላኩ የምትባል ከተማ አይተው በመኪና ይጎርፋሉ። ከተማይቱ ግን የለችም። ላኩ በዚያ ሀገር ቋንቋ አላውቅም ማለት ነው፤ ድንበር ቀያሾች የስፍራውን ስም ጠይቀው ያገኙትን መልስ ካርታ ላይ ጽፈውት ኖሯል። ታላቁን ወሬ ያገኘው በዋናው ከተማ የቀረው ቡት ነው። ድርሰቱን ዊልያም ቦይድ ለቴሌቪዥን ፊልም አዘጋጅቶት በ1979 ዓ.ም. ታይቷል፤ ቡትን ሆኖ የተጫወተው ማይክል ማሎኒ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ዎህ ራሱ ከዚያ መንገድ አለመዳኑ ነው። በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ተመልሶ ኢጣልያኖች የያዙትን ምድር ጎበኘ፤ ወረራውን ደግፎ፣ የሠሩትንም መንገድ አመስግኖ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያው ክረምት ከጋምቤላ በላይ በደጋው ባለችው በጎሬ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ገና አልጠፋም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ልዑል ራስ እምሩ በምዕራቡ ምድር ይታገሉ ነበር። ከጎሬ የሚወርደው የበቅሎ መንገድ የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ወዳለበት ወደ ጋምቤላ ያደርስ ነበር፤ ከዚያም በባሮ ወንዝ ላይ የክረምቱ የእንፋሎት መርከብ እስከ ሱዳን ይሄድ ነበር። ጎሬ የተያዘችው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ተማረኩ። ዎህ ይህን ሁሉ ሳያይ ፈረደ።

በ1958 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሞተ። መጽሐፉ ዛሬም እያሣቀ ይነበባል፤ እኛ ግን ሥቀን ብቻ ልንተወው አይገባም። ላኩ የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ሌላ ትርጉም አለው፤ የዎህ ጋዜጠኞች ሳያዩ ላኩ። እኛም ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች፣ አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ ጋምቤላ ሕዝብና መሬት ጽሑፍ ከመላካችን በፊት ባሮ ድረስ ወርደን ብንጠይቅ ይበጃል። ያልደረስንበትንም አላውቅም ማለት ነውር የለውም፤ ነውሩ አላውቅምን ከተማ ብሎ ካርታ ላይ መጻፍ ነው።