ፌሊክስ ዴሬል፥ የባክቴሪያን ጠላት ያገኘው ሊቅ

ፌሊክስ ዴሬል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ተወለደ። የሕክምና ዲግሪ ሳይኖረው፥ በንባብና በራሱ ሙከራ በተማረው ብቻ ከዘመኑ ታላላቅ ተመራማሪዎች ተርታ ለመቆም የበቃ ሰው ነው።

በሜክሲኮ ሳለ የአንበጣ መንጋ በተቅማጥ ሲረግፍ አየ። ጥፋቱን የአገራችን ገበሬ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ይህን ጠላት ለማጥፋት ሲል፥ በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይቶ አራባ፤ በአርጀንቲናና በሰሜን አፍሪካም ሞከረው። ባክቴሪያው በበቀለበት ሰሐን ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ ምንም ያልበቀለባቸው ጥቃቅን ክብ ነጥቦች ይታዩ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሰሐኑ ተበላሽቷል ብሎ በጣለው፤ እርሱ ግን ነገሩን በልቡ ያዘው።

በ1915 በፓሪስ አጠገብ በሰፈረ የፈረሰኛ ጦር የደም ተቅማጥ ገባ። በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ዴሬል የበሽተኞቹን ዓይነ ምድር ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጥለያ አጥልሎ፥ የጠለለውን ፈሳሽ ባክቴሪያው ከበቀለበት ድፍርስ መረቅ ጋር ቀላቀለው። በማግስቱ መረቁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ አገኘው። ከጠራው አንድ ጠብታ ወደ ሌላ ድፍርስ መረቅ ሲጨምር ያም ጠራ። መርዝ ቢሆን ኖሮ ደጋግሞ ሲቀጥን በደከመ ነበር፤ ይህ ግን ኃይሉ ስላልቀነሰ በባክቴሪያው ውስጥ የሚራባ ረቂቅ ነገር መሆኑን ተረዳ። በ1917 ግኝቱን አሳወቀ፤ ስሙንም ባክቴሪዮፌጅ፥ ማለት ባክቴሪያ በሊታ አለው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915 ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ስለ ነበር፥ የቀዳሚነቱ ጉዳይ ብዙ አከራከረ።

ዴሬል በ1919 መድኃኒቱን በመጀመሪያ በዶሮ ታይፎይድ ላይ ሞከረ። ቀጥሎም እርሱ ራሱ ጠጥቶ ጉዳት እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ፥ በፓሪስ የደም ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ሰጠ። በ1925 በግብፅ አራት የቸነፈር በሽተኞችን አከመ፤ ሁሉም ዳኑ። በሕንድ ኮሌራን ተዋጋ፤ በአሜሪካም በዬል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከ1933 ጀምሮ በትብሊሲ ከወዳጁ ከጊዮርጊ ኤሊያቫ ጋር ሠራ፤ ኤሊያቫ ግን በ1937 በስታሊን ዘመን ተገደለ።

ፔኒሲሊንና መሰሎቹ ሲመጡ የዴሬል መድኃኒት በምዕራቡ ዓለም ተረሳ። ለኖቤል ሽልማት ደጋግሞ ቢታጭም ሳያገኝ በ1949 በፓሪስ ዐረፈ።

ዛሬ ብዙ ባክቴሪያዎች መድኃኒትን እየተቋቋሙ በመምጣታቸው የዓለም ዓይን ወደ ዴሬል ሥራ ተመልሷል። በናይሮቢ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ያሉ ሊቃውንት ዶሮን የሚያጠቃውን ሳልሞኔላ በባክቴሪዮፌጅ ለመከላከል ይመራመራሉ፤ እርሱ በ1919 በዶሮ የጀመረው የዚሁ ወገን በሽታ ነበር። ባክቴሪዮፌጅ ከአፈርም ከፍሳሽም ይገኛል። ለመቶ ዓመት የቆየው መድኃኒት ከእግራችን ሥር ነበረ፤ የጎደለው እንደ ዴሬል ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ነበር።