የተዘጋ መንገድና የተከፈተ መጽሐፍ፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

የጽሕፈት ሥራ በአንድ ቀን የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ገበሬ ዘሩን ከመዝራቱ በፊት ማሳውን ደጋግሞ እንደሚያርስ፥ ጸሐፊም አንዱን ቃል ደጋግሞ ያገላብጠዋል። ከምእመናን መካከል ብዙዎች መዝሙር ለመድረስ ወይም ታሪክ ለመጻፍ ይጀምራሉ፤ ጥቂት ከቆዩ በኋላ ግን ጊዜው አልተመቸም፥ ዕውቀቴ አነሰ፥ የሚረዳኝ ሰው ጠፋ እያሉ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ጊዜ ያልተመቸው፥ የገዛ ቋንቋው እንኳ የጎደለበት፥ ሆኖም መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ያስረከበ የአንድ ሰው ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አቅራቢያ፥ ሂካ የተባለ ሕፃን ተወለደ። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች ወደ ፊት የሚሆነውን አላወቁም ነበር። ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተበት፤ በኋላም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ከደጋው ወርዶ እስከ ቀይ ባሕር ዳር ደረሰ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ በምጽዋ ነፃ አወጣው፤ በዚያም በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ዘንድ ትምህርት ጀመረ። በ1872 መጋቢት 31 ቀን በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ፤ ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ ባሪያ ስም ነው።

ኦኔሲሞስ ከዚህ በኋላ ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐንስሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ሲመለሱ ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ወደ ተወለዱበት ሕዝብ ሄደው በአፋቸው ወንጌልን መስበክ ነው። ስለዚህም ሳይውሉ ሳያድሩ በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ከተነሣው ጉዞ ጋር ሄዱ። ተጓዦቹ ድንበሩ አጠገብ እስካለችው እስከ ፋማካ ድረስ ከተጓዙ በኋላ ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደዱ፤ በዚያው ወራት ደግሞ የማህዲ ዐመፅ ሱዳንን እያወከ ነበረ። ኦኔሲሞስ በንዳድ ታመው በምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ እምኩሉ ተመለሱ። በ1886 ሁለተኛው ጉዞ ሆነ። ያን ጊዜም እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ነገር ግን ወደ ፊት ለማለፍ ፈቃድ ስላላገኙ እንደ ገና ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንመልከት። ሰውየው ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ ደርሷል። የተማሩለት ሥራ ሁለት ጊዜ ደጁ ተዘግቶበታል። የሚወዱት አገር በተራሮቹ ማዶ ነው፤ እርሳቸው ግን በእምኩሉ ሐሩር ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ፈትቶ መንገዱ እስኪከፈት ቢጠብቅ ማንም አይነቅፈውም። ኦኔሲሞስ ግን ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ የጀመሩትን ትርጉም ከሁለተኛውም በኋላ ቀጠሉት። እግር ሊደርስ ያልቻለበት ስፍራ መጽሐፍ ሊደርስ ይችላልና።

ነገር ግን ወረቀቱ ፊት ሲቀመጡ ሌላ ችግር አገኛቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለ ሆነ፥ የነበራቸው ኦሮምኛ ለመላው መጽሐፍ ቅዱስ የሚበቃ አልነበረም። ሕፃን እናቱን ውኃ የሚለምንበት ቃል ያውቃል፤ የነቢያትን ቁጣና የመዝሙረኛውን ልቅሶ የሚሸከም ቃል ግን ገና አልሰማም። ብዙ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ኦኔሲሞስ ግን ጉድለታቸውን አውቀው የሚረዳቸውን ፈለጉ።

ርዳታውም ካልታሰበበት ስፍራ መጣ። በዚያው በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ የሚወሰዱ ባሮችን ከባሕር ላይ አስጣሉ። ከእነርሱም መካከል አስቴር ጋኖ የተባለች ልጃገረድ ነበረች፤ ከሊሙ የመጣችና የሕዝቧ ቋንቋ በአንደበቷ ገና ትኩስ የሆነ ነበረች። በእምኩሉ ከተማረች በኋላ ለትርጉሙ ሥራ ቃላትን መሰብሰብ ጀመረች፤ ደግሞም በሕዝቡ ዘንድ የሚነገሩ አምስት መቶ ያህል ተረቶችን፥ ምሳሌዎችን፥ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አገባች። ሌሎችም ከባርነት ነፃ የወጡ የኦሮሞ ተወላጆች በዚያ ስለ ነበሩ፥ እምኩሉ ቋንቋው እንደ ገና የሚሰማባት ትንሽ አገር ሆነች።

ፊደሉም ራሱን የቻለ ድካም ነበረበት። የግዕዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አይለይም፤ በኦሮምኛ ግን ትርጉሙ የሚለወጠው በዚሁ ነው። በዳ የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ክፉ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ደጋ ማለት ነው። እንግዲህ አንባቢው እንዳይሳሳት፥ የቃሉ አቀማመጥ ከፊትና ከኋላው እንዲገልጠው አድርጎ ዐረፍተ ነገሩን መሥራት የተርጓሚው ዕዳ ነበረ።

ሥራው በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የመዝሙር መጽሐፍ ተዘጋጀ፤ አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ በ1894 ደግሞ ለጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ወጣ፤ አስቴር ከሰበሰቧቸውም ብዙዎቹ በዚህ መጽሐፍ ገቡ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪስኮና ታተመ። ከእንጦጦ ከተመለሱበት ዓመት ጀምሮ ሲቈጠር አሥራ ሦስት ዓመት ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱሱ በኦኔሲሞስ ስም ወጣ። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከድካሙ ብዙው ክፍል የአስቴር እንደ ነበረ ይመሰክራሉ፤ ስማቸው ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ መቅረቱ ሊታረም የሚገባው ነው።

በ1904 ለረጅም ዘመን የተዘጋው መንገድ ተከፈተ፤ ኦኔሲሞስና አስቴር ወደ ወለጋ ገቡ። በነቀምቴ ገዥው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው፤ ማስተማርም ጀመሩ። ነገር ግን በ1906 በካህናት ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ስደት ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው በነቀምቴ እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው፤ ማስተማር ግን ተከለከሉ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የማስተማር ፈቃድ እስኪሰጧቸው ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ።

የእምኩሉ ድካም ፍሬ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። በወጣትነታቸው ወራት መንገዱ ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ፥ ምናልባት ጥሩ ሰባኪ ይሆኑ ነበር፤ አፋቸው በተዘጋ ጊዜ ግን ቃላቸውም አብሮ በተዘጋ ነበር። አሁን ግን መምህሩ ዝም ሲሉ መጽሐፉ ዝም አላለም። በደጁ ያለ ሰው ሊያነበው፥ ሕፃንም ከንባብ መጽሐፉ የአያቱን ተረት ሊያገኝ ይችል ነበር። ኦኔሲሞስ በ1931 ሰኔ 21 ቀን ዐረፉ፤ አስቴርም እስከ 1964 ኖረው ዐረፉ።

እንግዲህ መዝሙር የምትደርሱ፥ ታሪክም የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከእነዚህ ከሁለቱ ተማሩ። የተመቸ ጊዜ እስኪመጣ ድረስ ብዕራችሁን አትስቀሉ፤ ደጁ የተዘጋበት ወራት የሥራችሁ ወራት ሊሆን ይችላልና። ቋንቋችሁ ቢጎድል አትፈሩ፥ አትሸፍኑትም፤ ከእናንተ ይልቅ የሚያውቀውን ሰው፥ ታናሽም ቢሆን፥ ጠይቁ። ሥራው በተፈጸመ ጊዜም የረዳችሁን ሰው ስም ከስማችሁ አጠገብ ጻፉ።