ቼ ጉቬራ፦ ትንፋሽ ያጠረው በረኛና የሀቫናው ሲጋር

ሮሳሪዮ ሲባል የዛሬ ኳስ አፍቃሪ ጭንቅላት ላይ ቶሎ ብልጭ የሚለው ሊዮኔል ሜሲ ነው። ጠለቅ ያለው ደግሞ አንሄል ዲ ማሪያን ይጨምራል። ያቺ የአርጀንቲና ከተማ ኳስ ተጫዋች ማፍራት ታውቅበታለች። ከሜሲ 59 ዓመት ቀደም ብሎ ግን በዚያችው ከተማ ሌላ ልጅ ተወልዷል። እሱም ኳስ ይወድ ነበር፣ በረኛም ነበር። ዓለም የሚያውቀው ግን በጓንቱ ሳይሆን በኮፍያው፣ በጺሙና በጣቶቹ መሀል በሚጨሰው የሀቫና ሲጋር ነው። ኤርኔስቶ ጉቬራ ዴ ላ ሴርና፣ በአጭሩ ቼ።

የልደት ወረቀቱ ሰኔ 14 ቀን 1928 ይላል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በግንቦት 1930፣ እናቱ በብርድ ቀን ወንዝ ዳር ይዛው ወርዳ ስትዋኝ ቆየች። ያን ዕለት ሕፃኑ ሳል ጀመረው፣ ሳሉም ወደ አስም ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ አስም እስከ ዕለተ ሞቱ ጥሎት አልሄደም። ቤተሰቡ ደረቅ አየር ፍለጋ ቤቱን ነቅሎ ኮርዶባ አካባቢ ወደምትገኘው አልታ ግራሲያ ተዛወረ። እንግዲህ ይህን ያዙልኝ። የምናወራው በሲጋሩ ስለታወቀ ሰው ነው፤ ሰውየው ግን ገና በዳዴ ዘመኑ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ነበር።

በረኛ የሆነው ለምንድነው?

ሐኪም ተጠንቀቅ ሲለው እሱ ሜዳ ይገባል። ዋና፣ ጎልፍ፣ ቼዝ፣ ራግቢ፣ ኳስ፣ ያልሞከረው የለም። በኳሱ የሮሳሪዮ ሴንትራል ደጋፊ ነበር። ጓደኞቹ ቦካ ጁኒየርስና ሪቨር ፕሌት ሲሉ እሱ የትውልድ ከተማውን ክለብ ይዞ ድርቅ። 90 ደቂቃ ሙሉ ለመሮጥ ግን ሳንባው አልፈቀደለትም። ስለዚህ ጎሉ ስር ቆመ። በራግቢ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ትንፋሹ ሲቆረጥ ወደ መስመሩ ወጥቶ የአስም መድኃኒቱን ይስባል፣ ደረቱ ሲከፈት ተመልሶ ይገባል። አባቱ ይገድልሃል ብሎ ከክለቡ ቢያስወጣው ሌላ ክለብ ሄዶ ተጫወተ። በ1951 ታክል የሚባል የራግቢ መጽሔት ከጓደኞቹ ጋር አዘጋጅቶ በብዕር ስም ይጽፍ ነበር። በሌላ አነጋገር አብዮተኛ ከመሆኑ በፊት የእኛ ሙያ ሰው፣ የስፖርት ጸሐፊ ነበር ማለት ነው!

በጥር 1952 የሕክምና ትምህርቱን ሳይጨርስ ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር በአንዲት ያረጀች ኖርተን ሞተር ሳይክል ደቡብ አሜሪካን ለማየት ተነሱ። ሞተሯ ቺሊ ላይ ተንገራግጫ ቀረች። ልጆቹ በእግርም፣ በጭነት መኪናም፣ በጀልባም ቀጠሉ። ገንዘብ ሲያልቅባቸው ያዳናቸው ደግሞ ኳስ ነው። ፔሩ ውስጥ ማቹ ፒቹ ፍርስራሽ አጠገብ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች አግኝተው ተቀላቀሉ፣ ቼም በረኛ ነኝ ብሎ ገባ። በዚያች ጨዋታ ምክንያት ማደሪያና ምግብ አገኙ። ኮሎምቢያ ጠረፍ ላይ ባለችው ሌቲሲያ ከተማ ደግሞ የአንድ ደካማ ቡድን አሰልጣኝ ሆነው ተቀጠሩ። አሰልጥነው ብቻ አልቀሩም፣ ራሳቸውም ተሰለፉ። ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ በሪጎሬ ተሸነፈ። ቼ ግን አንድ ሪጎሬ አድኗል፣ በማስታወሻውም ላይ በኩራት መዝግቦታል።

ቦጎታ ሲደርሱ በዘመኑ የዓለም ምርጥ ከሚባሉት አንዱ የነበረውን ሚሊዮናሪዮስን አዩ። አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ የሚጫወትበት ሚሊዮናሪዮስ ከሪያል ማድሪድ ጋር ሲገጥም ቼ ርካሹ ቦታ ላይ ተቀምጦ ተመልክቷል። በዓመቱ ዲ ስቴፋኖ ወደ ማድሪድ ሄደ። ቼ ደግሞ ዶክተር ሆኖ ተመረቀ፣ እሱም ከአገሩ ወጣ። ሁለቱም አርጀንቲናውያን በባዕድ አገር ማሊያ ታሪክ ሠሩ።

ሲጋሩ መጣ

በሐምሌ 1955 ሜክሲኮ ላይ ፊደል ካስትሮን አገኘ። ቼ የሚለውን ቅጽል ያጸኑለትም የኩባ ጓደኞቹ ናቸው። አርጀንቲናውያን ሰው ሲጠሩ ቼ ይላሉ፣ እኛ ስማ ወይም አንተዬ እንደምንለው ዓይነት ነው። ኅዳር 25 ቀን 1956 ግራንማ በምትባል ጠባብ ጀልባ 82 ሰዎች ታጭቀው ወደ ኩባ ተነሱ። ቼ የተሰለፈው በሐኪምነት ነው። ጥድፊያው ላይ ግን የራሱን የአስም መድኃኒት ረስቶ ሄደ፣ ባሕሩ ላይም ሲያፍን ሰነበተ።

ሲጋር የለመደው ሴራ ማስትራ ተራራ ላይ ነው። መጀመሪያ ጭሱ ትንኝ ያባርራል ተብሎ ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ፍቅር ሆነ። በ1960 ስለ ሽምቅ ውጊያ ባሳተመው መጽሐፉ ትምባሆን ከታጋይ መጽናኛዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ትምባሆ ሲጠፋ የሲጋርና የሲጋራ ቁርጥራጭ ሁሉ ለመጠቀም ፒፓ ጥሩ እንደሆነም መክሯል። ይቺን የፒፓ ነገር አስታውሱልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንገናኛለን።

ለመሆኑ ይህ ሰው ልቡን የሰጠው ሲጋር ምንድነው? ሲጋራ አላልኩም፣ ሲጋር ነው። ሲጋራ ተፈጭቶ በወረቀት በማሽን የሚጠቀለለው ነው። የኩባ ሲጋር ውስጡም ውጪውም ቅጠል ነው። ምርጡ ቅጠል የሚበቅለው በምዕራብ ኩባ በፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ፣ ቩዌልታ አባሆ በሚባለው ቀይ አፈር ላይ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይቦካል፣ ይከርማል። ከዚያ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ባለሙያው የውስጡን ሙሌት ያሰናዳል፣ በማሰሪያ ቅጠል ይጠቀልላል፣ በመጨረሻ ለስላሳውንና ውቡን ቅጠል ያለብሰዋል። መሣሪያው እጁና አንድ ጠፍጣፋ ስለት ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ሲጠቀልሉ ደግሞ አንድ ሰው ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ስመ ጥር ሲጋር ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ ከሚወዱት የአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ እንደሆነ ይነገራል።

አጫጫሱም የራሱ ወግ አለው። ጫፉ በስለት ይቆረጣል፣ እሳቱ ሳይቸኩሉ ዙሪያውን እኩል ይያዛል። ጭሱ አፍ ውስጥ ይንከባለልና ይወጣል እንጂ ወደ ሳንባ አይሳብም። አመዱም ወዲያው አይራገፍም። አዋቂዎቹ አንዱን ሲጋር ለሦስት ይከፍሉታል፤ መጀመሪያው ለዘብ ያለ፣ መሀሉ የሞላ፣ መጨረሻው ጠንከር ያለ። ለእኛ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፤ ብቻ እኛ አቦል ቀድሞ ይወፍራል፣ በረካ ይቀጥናል፤ የነሱ ተገላቢጦሽ ነው። ቼ ይወደው የነበረው ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 እንደሆነ ይነገራል። ርዝመቱ 129 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሳይቸኩሉ ሲያጨሱት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አንድ አጋማሽ እንኳ አይሞላም፣ እረፍት ሳይወጣ ያልቃል።

ሚኒስትሩና ሐኪሙ

አብዮቱ በጥር 1959 ድል ሲያደርግ ቼ ገና 30 ዓመቱ ነበር። የብሔራዊ ባንክ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎም የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነ። ሲጋሩ ቢሮም፣ ስብሰባም፣ የሸንኮራ እርሻም አብሮት ዋለ። አስሙም አብሮ። አንድ ሐኪም በቀን ከአንድ በላይ እንዳታጨስ ብሎ አዘዘው አሉ። ቼም ትእዛዙን አከበረ፤ በማግስቱ የታየው ግን አንድ ክንድ የሚያህል ሲጋር ይዞ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ቀልድ ይሁን እውነት ሰውየውን ይመስላል። ተከላካዩን በሕጉ ውስጥ ሆኖ የሚያታልል አጥቂ ማለት ነው።

በነሐሴ 1961 ኡራጓይ ፑንታ ዴል ኤስቴ ላይ ስብሰባ ሲካሄድ ለኬኔዲ አማካሪ ለሪቻርድ ጉድዊን አንድ የተዋበ ሳጥን ሙሉ ሲጋር ላከ። ጉድዊን ሳጥኑን ይዞ ዋይት ሃውስ ገባ፣ ፕሬዚዳንቱም አንዱን ለኩሶ አጨሰ። በየካቲት 1962 ግን ያው ኬኔዲ በኩባ ላይ የንግድ ማዕቀብ ፈረመ። ከመፈረሙ በፊት ረዳቱን ፒየር ሳሊንጀርን ልኮ 1,200 የኩባ ሲጋር ለራሱ አስገዝቷል። ጠላቱን ከሜዳ አስወጥቶ ኳሱን ለራሱ አስቀረ!

የቼ ሕይወት ግን ሁሉም እንዲህ የሚያስቅ አይደለም። በ1959 የላ ካባኛ ምሽግ አዛዥ ሳለ በአብዮቱ ፍርድ ቤት የተፈረደባቸው ብዙ ሰዎች በጥይት ተደብድበዋል፣ ፍርዱን የሚያጸናው እሱ ነበር። ለዚህ ነው ምስሉን አንዱ ደረቱ ላይ ሲለጥፈው ሌላው ስሙን መስማት የማይፈልገው። የደጋፊ ዓይን ብቻ ይዞ ታሪክ አይነበብም።

እኛ ዘንድ

ኢትዮጵያና የኩባ ጭስ አዲስ አበባ ላይ አንድ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። ቸርችል ጎዳና ስሙን ያገኘው ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ሰውየው በ1895 ኩባ ሄዶ ሲጋር ለምዶ የተመለሰ ነው፣ ዛሬ ከትልልቆቹ የኩባ ሲጋር መጠኖች አንዱ በስሙ ይጠራል። በዚያው ጎዳና ላይ ደግሞ የትግላችን ሐውልት ቆሟል፤ ቼ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ በኦጋዴኑ ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው የወደቁ ኩባውያን የሚታሰቡበት ነው።

ከተማውን ለቀን ወደ ምዕራብ ጎጃም ስንዘልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ እስከ ገበዝ ማርያም ገጠር ድረስ የቼን ስም የሚያውቅ ወጣት ይገኛል፣ ሲጋሩ ግን በቄሱም በሽማግሌውም ፊት ነውር ነው። ነውሩም የቆየ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው የተገኘበትን ሰው አፍንጫና ከንፈር እስከ ማስቆረጥ ደርሰው ነበር። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 እንደዚያ አይጨክንም፣ ግን ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ማጨስን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም አግዷል። እና ጎጃሜው ሽማግሌ ቼን ቢያገኘው ኖሮ ምን ይለው እንደነበር መገመት አይከብድም። የሚገርመው፣ ሐኪሙም የሚለው ያንኑ ነው።

የመጨረሻው አጋማሽ

በ1965 ቼ ሥልጣኑን ትቶ ወደ ኮንጎ ገባ፣ ወራት ታግሎ ሳይሳካለት በኅዳር ወጣ። በ1966 መጨረሻ ቦሊቪያ ጫካ ደረሰ። እዚያ የሀቫና ሲጋር የለም። በመጽሐፉ የመከረውን ፒፓ ራሱ ያዘ። የከፋው ግን መድኃኒቱ ማለቁ ነው። በሐምሌ 1967 ሰዎቹ ሳማይፓታ ከተማን ለአጭር ጊዜ ሲይዙ ካስፈለጋቸው ነገር አንዱ የአስም መድኃኒት ነበር፣ እሱን ግን ይዘው አልተመለሱም። በነሐሴ ደግሞ ዋሻ ውስጥ የተቀበረው መድኃኒት በጦሩ እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ያንን ሁሉ ገደል የሚወጣው አንዳንዴ በበቅሎ ላይ ተቀምጦ እያፈነው ነበር። ጥቅምት 8 ቀን ተማረከ፣ በማግስቱ ላ ኢጌራ በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ውስጥ ተገደለ። ዕድሜው 39 ነበር። አፅሙ የተገኘው ከ30 ዓመት በኋላ በ1997 ሲሆን አሁን ያረፈው ኩባ ሳንታ ክላራ ነው።

በዚያው 1997 ክሪስቲያኖ ሉካሬሊ ለጣሊያን ከ21 ዓመት በታች ቡድን ጎል አግብቶ ማሊያውን ሲገልብ ከስር የቼ ምስል ታየ። የሊቮርኖ ደጋፊዎች ምስሉን በባንዲራ ያውለበልቡታል። ማራዶና ቀኝ ክንዱ ላይ አስነቅሶታል። ማራዶና ያረፈው ደግሞ በኅዳር 25 ቀን 2020 ነው፣ ፊደል ካስትሮ በሞተበትና ግራንማ በተነሳችበት ዕለት።

የሚረሳው ሌላው ወገን ነው። ያው ፊደል፣ ሲጋር ከአፉ የማይጠፋው ሰውዬ፣ በ1985 ለጤና ሲል እርግፍ አድርጎ ተወ። ጭሱን ወደ ሳንባ አለመሳብም ከአፍና ከጉሮሮ ካንሰር አያድንም። በኳሱ ዓለም ዮሐን ክራይፍ በሲጋራ ሱስ ታውቆ፣ በ1991 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ካቆመ በኋላ ሌላው እንዳያጨስ ማስታወቂያ ሠራ፤ በ2016 ግን በሳንባ ካንሰር አረፈ።

ታክሲና ባጃጅ ላይ የተለጠፈው ቼ ሁሌም ወጣት ነው፣ ሲጋሩ አያልቅም፣ አያስልም። እውነተኛው ቼ ግን ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው ቁጭ ብሎ የሚያነጋ ሰው ነበር። ሲጋሩን ያጣጥም የነበረው ጤና ተርፎት አይደለም፤ ከነበረችው ጥቂት ትንፋሽ ላይ እየከፈለ ነው። ምስሉን የሚወድ ወጣት ከሲጋሩ ይልቅ ያቺን ሌቲሲያ ላይ ያዳናትን ሪጎሬ ቢወርስ ይሻለዋል። እሷ ቢያንስ ደረት አታፍንም።