ሜሪ ሼሊ እና ፊልሙ አፍ ያሳጣው ፍጡር

«ፍራንከንስታይን» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንገቱ ላይ ብሎን ያለው፣ የሚያጉረመርም ግዙፍ ፍጡር ነው። እሱ ግን የፊልሙ ነው። የመጽሐፉ ሌላ ነው።

ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ በፈረንጆቹ 1797 ለንደን ተወለደች። እናቷ በወለደቻት በቀናት ውስጥ አረፈች። እሷም በ1815 የመጀመሪያ ልጇን በጨቅላነቷ ቀበረች።

በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ሳሉ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አላቸው። ገጣሚው ባይረን ሁሉም አስፈሪ ታሪክ እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረበ። ያኔ ሜሪ ገና 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በ1818 ስሟ ሳይጠቀስ ታተመ።

ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ሳይሆን የሠራው ወጣት ተማሪ ስም ነው። ሠርቶት ሲያበቃ ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል። ፍጡሩ ግን ተደብቆ ቋንቋ ይማራል፣ መጽሐፍ ያነባል፣ በመጨረሻም ፈጣሪውን ለምን እንደጣለው ፊት ለፊት ይሞግተዋል።

በ1931ዱ የሆሊዉድ ፊልም ቦሪስ ካርሎፍ የሠራው ፍጡር አንድም ቃል አይናገርም። ፊቱና ዓይኑ ያሳዝናል፣ ክርክሩ ግን የለም።

ሜሪ በ1851 በ53 ዓመቷ አረፈች። መልኩን ለዓለም ያሳወቀው ፊልሙ ነው። የተጣለውን ልጅ ጥያቄ መስማት የፈለገ ግን መጽሐፉን መግለጥ አለበት።

እናንተስ መጀመሪያ ያገኛችሁት የትኛውን ነው?