ሩኔ ኤልምክቪስት፦ በሰውነት ውስጥ የሚኖር መሣሪያና የጥገናው ጥያቄ

ከምሥራቅ ወለጋ ኑኑ ቁምባ ወረዳ የመጣ አንድ የልብ ሕመምተኛ ፔስሜከር ቢተከልለት ጉዳዩ በቀዶ ሕክምናው ዕለት አያበቃም። ከዓመታት በኋላ የመሣሪያው ባትሪ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ታካሚው ነቀምቴ ደርሶ፣ ከዚያም ወደ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዚህ ዓይነቱ ሕክምና በዋናነት ወደሚሰጥበት አዲስ አበባ መሄድ ይኖርበታል። እዚያ የሚጠብቀው ቀዶ ሕክምና ቀላል ወይም ከባድ መሆኑን የሚወስነው የሐኪሙ ችሎታ ብቻ አይደለም፤ መሐንዲሱ ንድፉን ሲያወጣ ስለ ጥገና ያሰበው ወይም ሳያስበው ያለፈው ነገር ጭምር ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው፣ ሙሉ በሙሉ በሰውነት ውስጥ የተተከለውን የመጀመሪያውን ፔስሜከር በሠሩት በስዊድናዊው ሩኔ ኤልምክቪስት ሕይወት አማካይነት ነው። ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተገልጸዋል።

ኤልምክቪስት በ1906 በደቡብ ስዊድን በምትገኘው የሉንድ ከተማ ተወለዱ። የተማሩት ሕክምና ሲሆን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ግን በመሣሪያ ንድፍ ሥራ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የልብን ኤሌክትሪካዊ ምልክት በቀጭን የቀለም ፍንጥቅታ በወረቀት ላይ የሚጽፍ ሚንጎግራፍ የተባለ መመዝገቢያ ፈለሰፉ። በኤሌማ ሸናንደር ኩባንያ የምርምርና የንድፍ ሥራ ሲመሩ ሐኪሞች የሚያስፈልጋቸውን ነገር በሐኪም ቋንቋ ሰምተው በመሐንዲስ እጅ የሚመልሱ ሰው ሆነው ታወቁ።

በ1958 አርነ ላርሶን የተባለ የ43 ዓመት ታካሚ፣ የልቡ ኤሌክትሪክ መተላለፊያ በመዘጋቱ በቀን ብዙ ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። ባለቤቱ ኤልሰ ማሪ ኤልምክቪስትንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ኦከ ሴኒንግን ደጋግማ በመማጸን ገና በሙከራ ላይ የነበረው መሣሪያ ለሰው እንዲውል ገፋፋች። ኤልምክቪስት ጥቂት ትራንዚስተሮችንና ባትሪዎችን የያዘውን ዑደት የጫማ ቀለም ቆርቆሮን እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቅመው በኤፖክሲ ሙጫ ውስጥ አሸጉት። በጥቅምት 8 ቀን 1958 በካሮሊንስካ ሆስፒታል የተተከለው ይህ መሣሪያ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሥራውን አቆመ፤ በምትኩ የገባውም ብዙ አልቆየም። ኤልምክቪስት ራሳቸው ያን ጊዜ ሥራውን ከቴክኒካዊ ሙከራ የዘለለ አድርገው እንዳልቆጠሩት ከዓመታት በኋላ አስታውሰዋል።

ሆኖም በዚህ ባልተሳካ በሚመስል ሥራ ውስጥ የጥገና ሐሳብ ነበረበት። ባትሪዎቹ ከውጭ፣ በቆዳ ላይ በሚቀመጥ ጥቅል ሽቦ አማካይነት፣ ደረትን ሳይከፍቱ እንዲሞሉ ተደርገው ተነድፈው ነበር። ችግሩ ሁለት ነበር፤ የዘመኑ ኒኬል ካድሚየም ባትሪ የራሱ ዕድሜ አጭር መሆኑ፣ የመሙላቱ ኃላፊነትም በታካሚው ትከሻ ላይ መውደቁ። በ1960 በአሜሪካ ዊልሰን ግሬትባችና ሐኪሙ ዊልያም ቻርዳክ ሌላ መንገድ መረጡ፤ ባትሪው አይሞላም፣ ሲያልቅ መሣሪያው ይለወጣል። በ1970ዎቹ የመጣው የሊትየም ባትሪ ይህን ምርጫ አጸናው፤ የአንዱ መሣሪያ አገልግሎት ከወራት ወደ ዓመታት ተራዘመ።

መለወጥ የጥገና መንገድ ሲሆን ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ የሚለወጠው ምኑ ነው? መጀመሪያ ሽቦው በልብ ጡንቻ ላይ ይሰፋ ስለነበር መትከሉ ደረትን መክፈት ይጠይቅ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ስቶክሆልምን ጨምሮ፣ ሽቦውን በደም ሥር ወደ ልብ ማስገባትና ምት አመንጪውን ክፍል ከቆዳ ሥር ማስቀመጥ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሽቦው በቦታው ሳለ፣ ባትሪውን የያዘውን ክፍል ብቻ በትንሽ ቀዶ ሕክምና አውጥቶ ሌላ ማያያዝ ተቻለ። ለረጅም ጊዜ ግን የየኩባንያው ማያያዣ የተለያየ በመሆኑ፣ ያልተጎዳ ሽቦ ያለው ታካሚ እንኳ አዲሱ መሣሪያ ሳይገጥምለት ይቀር ነበር። ዓለም አቀፋዊው የ3.2 ሚሊ ሜትር ማያያዣ ደረጃ ይህን እንቅፋት በእጅጉ አቃለለ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁሉም ነገር የሚከፈት ይሁን የሚል አይደለም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ የሰውነት ፈሳሽ ሊገባበት፣ ብሎኑም ሊላላ የሚችልበት ደካማ ቦታ ነው፤ የዛሬው ምት አመንጪ በታይታኒየም የሚታሸገው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥበቡ መጋጠሚያውን በጥቂቱ፣ ቶሎ የሚያልቀው ክፍል ረጅም ዕድሜ ካለው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ማድረግ ነው።

የዚህ ሐሳብ ዋነኛ ምስክር አርነ ላርሶን ነው። በሕይወት ዘመኑ 26 ፔስሜከሮች ተለዋውጠውለታል። ኤልምክቪስት በ1996፣ ሴኒንግ በ2000 ሲያርፉ እርሱ በሕይወት ነበር፤ በ2001 በ86 ዓመቱ የሞተውም በልብ ሕመም ሳይሆን በካንሰር ነው። ያዳነው ለሰዓታት ብቻ የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላ ተተኪ ማግኘት መቻሉ ነው።

ላርሶን የኖረው ከአምራቹ ብዙም በማይርቅ ከተማ ነበር። ከኑኑ ቁምባ የሚመጣው ታካሚ ግን ከዓመታት በኋላ የሚያገኘው ሐኪምም፣ በእጁ የሚገኘው መሣሪያም የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል። በአገራችን የሕክምና መሣሪያ ንድፍ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ስለዚህ ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል፤ ማያያዣው ለሌላ አምራች ሥራ ክፍት ነው ወይ? የተተከለውን ሽቦ ዓይነት የሚገልጽ መዝገብስ ከታካሚው ጋር ይጓዛል ወይ? ኤልምክቪስት ሙጫውን በቆርቆሮ ሲያፈሱ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አልነበራቸውም፤ ዛሬ ግን መልሱ በነዳፊው እጅ ነው።