ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ፍልስፍና በምንማርበት ክፍል የፕላቶን፣ የሆብስንና የሩሶን ስም ዘወትር እንሰማለን። ከአገራችንም ሰው በዚሁ ጉዳይ አጥብቆ ያሰበና የጻፈ መኖሩን ግን ብዙዎቻችን ሳናውቅ እንመረቃለን።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። እርሳቸውም ገና ልጅ ሳሉ ከምፅዋ በመርከብ ባሕር ተሻግረው በኦስትሪያ ቤተ ሰብ ዘንድ አደጉ፤ በበርሊንም ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ሲያገለግሉ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ፤ በ1911 ዓ.ም. 33 ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ።

በ«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ግብር በልክ እንዲወሰን፣ የንጉሥና የመንግሥት ገንዘብም እንዲለይ መከሩ። ዋናው መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ግን ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በእርሳቸው አስተያየት የሀብት ምንጭ ሥራ እንጂ ወርቅና ብር አይደለም፤ ሥራንም የሚያፈራው ዕውቀት ነው። ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ከዐዋቂው ሕዝብ ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በሌላው የጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል፤ በስሙ ነጻ ሆኖ ሳለ በኑሮው ጥገኛ ይሆናል።

ዛሬ መገናኛ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ በየሱቁ ተደርድሮ የምናየው ዕቃ አብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ምንዛሪው ደግሞ በከፊል የቡና ገበሬው ድካም ነው። እንግዲህ ጥያቄው አላረጀም። የነጋድራስ መጽሐፍ ከሆብስና ከሩሶ ጎን ተቀምጦ ሊነበብና ሊመረመር ይገባዋል፤ አለዚያ የሌላውን አገር ችግር ተንትነን የራሳችንን ሳናውቅ እንወጣለን።