ዶክተር ፍሬደሪክ ግሪፊዝና የሞቱ ባክቴርያዎች ውርስ

የዘሩትን ሳያጭዱ ካለፉት የሳይንስ ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ፍሬደሪክ ግሪፊዝ ናቸው። ስማቸው በየትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መጽሐፍ ይገኛል፤ ሆኖም ተማሪው የሚያስታውሰው አይጦቻቸውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። የደረሱበት ነገር መድኃኒት ለምን ኃይሉን እንደሚያጣ ከሚያስረዱን ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በመሆኑ፣ የሕይወታቸው ታሪክ ለእኛ ለመሐንዲሶችም የሚጠቅም ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪፊዝ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1901 ተመረቁ። ኋላም ለንደን በሚገኘው የእንግሊዝ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ቤተ ሙከራ፣ ከባልደረባቸው ከዊልያም ስኮት ጋር ለረጅም ዓመታት ሠሩ። ቤተ ሙከራው በመሣሪያ የበለጸገ አልነበረም። ግሪፊዝም ዝምተኛ፣ አደባባይ መውጣት የማይወዱና ሥራቸውን በጥንቃቄ የሚፈጽሙ ሰው ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የሳምባ ምች ብርቱ ገዳይ ነበር። በ1918 በተነሣው የኅዳር በሽታ ከሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ የጨረሳቸው ተከትሎ የመጣው የሳምባ ምች ነው። አንቲባዮቲክ ገና ስላልነበረ ሐኪሞች የሚያክሙት ከእንስሳት ደም በሚዘጋጅ ሴረም ነበር። ሴረሙ ግን የሚሠራው ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴርያ ዓይነቱ ተለይቶ ሲታወቅ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሊቃውንትም እያንዳንዱ ዓይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚኖር መሆኑን ያምኑ ነበር። ግሪፊዝ በበኩላቸው የበሽተኞችን አክታ ሲመረምሩ ከአንድ ሰው ብቻ የተለያዩ ዓይነቶች ስላገኙ፣ ይህ እምነት አጠራጠራቸው።

ጥርጣሬያቸውን በሙከራ ፈተሹ። በሽታ የሚያመጣው ኒሞኮከስ ከስኳር ወገን የሆነ ልባስ አለው፤ ይህም ልባስ ከሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይሸሽገዋል። ልባሱን ያጣው ዝርያ ግን አይጥን አይገድልም። ግሪፊዝ ከሁለተኛው ዓይነት የወጣ ልባስ የለሽ ሕያው ባክቴርያ ወሰዱ። ከዚያም ልባስ ያለውን ሦስተኛ ዓይነት በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ገደሉት። ሁለቱ ለየብቻቸው ለአይጥ ሲሰጡ አይጡ አይሞትም። በአንድነት ሲወጉት ግን ሞተ፤ በደሙም ውስጥ ልባስ የለበሰ ሕያው ሦስተኛ ዓይነት ተገኘ። ልጆቹም ልባሱን እየወረሱ ቀጠሉ። ሕያዋኑ ከሙታኑ አንድ ነገር ወርሰዋል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ውጤት ያጋጠመው ሰው ወይ ስሕተት ነው ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ ለዝና ይቸኩላል። ግሪፊዝ ሁለቱንም አላደረጉም። ሙከራውን ደጋግመው ካረጋገጡ በኋላ በጥር 1928 አሳተሙት። የሰጡት ማብራሪያ ከአንድ ወገን የተሳሳተ ነበር፤ ሕያው ባክቴርያ ከሞተው ያገኘውን ነገር እንደ ምግብ ተጠቅሞ ልባሱን የሠራ መስሏቸው ነበርና። ውጤቱ ግን ትክክል ነበር። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት የነበሩት ኦስዋልድ ኤቨሪ ነገሩን መጀመሪያ ተጠራጠሩት፤ ኋላ ግን ባልደረቦቻቸው ስላረጋገጡት ራሳቸው ተከታተሉት። በ1944 ኤቨሪ፣ ማክላውድና ማካርቲ ያ የሚወረሰው ነገር ዲኤንኤ መሆኑን አስታወቁ።

ግሪፊዝ ይህን አልሰሙም። በየካቲት 1941 በኦክስፎርድ ፔኒሲሊን በሕክምና ተሞከረ። ከሁለት ወር በኋላ በሚያዝያ፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሲደበድቡ ግሪፊዝ ከስኮት ጋር ሞቱ። የሳምባ ምችን የሚያሸንፈው መድኃኒት በተጀመረበት ዓመት፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሸነፍ የሚያስረዳውን መንገድ የከፈቱት ሰው አለፉ።

መሸነፉም አልቀረም። ፔኒሲሊን ኒሞኮከስን የሚገድለው የሕዋስ ግድግዳውን የሚገነቡትን ፕሮቲኖች ይዞ ነው። ኒሞኮከስ ግን በአፍና በጉሮሮ አብረውት ከሚኖሩ የሌላ ዝርያ ስትሬፕቶኮከሶች የጂን ቁራጮችን ወስዶ ከራሱ ጂን ጋር ይቀጥላቸዋል። ከዚህ ድቅል ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን ፔኒሲሊን አጥብቆ ሊይዘው አይችልም። በ1977 በደቡብ አፍሪካ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ኒሞኮከስ በሽተኞች ላይ መታየቱ የጤና ባለሙያዎችን አስደነገጠ። ባክቴርያዎች ጂን የሚለዋወጡበት ሌላም መንገድ አለ። በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች የተቅማጥ ባክቴርያ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ የመቋቋም ችሎታውን፣ ሕዋስ ከሕዋስ ተገናኝቶ፣ ለሌላ የአንጀት ባክቴርያ ሊያስተላልፍ እንደሚችል አሳዩ። ጉዳዩ ዛሬ የዓለም ችግር ሆኗል፤ በ2019 ብቻ መድኃኒትን በተቋቋሙ ባክቴርያዎች ሳቢያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሆስፒታል ፍሳሽ፣ የከተማ እዳሪና የመጠጥ ውሃ በእኛ እጅ ያልፋሉ። ልዩ ልዩ ዝርያዎች የሚገናኙትም በዚያው ፍሳሽ ውስጥ ነው። እኛ ብዙውን ጊዜ የማጣሪያ ጣቢያን ሥራ የምንመዝነው ከመውጫው በተቀዳው ናሙና ስንት ሕያው ባክቴርያ ቀረ በማለት ነው። የግሪፊዝ አይጥ ግን ከዚህ የጠበቀ ጥያቄ ትጠይቀናለች፤ ባክቴርያን መግደል የያዘውን ጂን ማጥፋት አይደለምና። በ60 ዲግሪ የሞተው ኒሞኮከስ ውርሱን ለሕያው አስተላልፏል። ስለዚህ ፍሳሽ ከምንጩ እንዲለይ፣ የሆስፒታሉ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው እንዲጣራ፣ ዝቃጩም ወደ እርሻና ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት በሚገባ እንዲታከም ማድረግ የሙያ ግዴታችን ነው። አዲስ መድኃኒት እስኪገኝ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ቦይና ጣቢያ መሥራት ግን ዛሬም የምንችለው ሥራ ነው።